ዘጠና ቮልት የት ገባ?

መሪጌታ ዘካርያስ ዓይናቸው እየከዳቸው መሆኑን አንድ ዓመት ሙሉ ለማንም አልተናገሩም። ከወገዳ ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ባለች አንዲት የማርያም ደብር የድጓ መምህር ናቸው። ድጓ የዜማ መጽሐፍ ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በላይ ድምፅ የት እንደሚነሣ፣ የት እንደሚያርፍ፣ የት እንደሚርገበገብ የሚናገሩ ጥቃቅን ምልክቶች ይሰፍራሉ፤ አንዳንዱ ምልክት ከጤፍ ፍሬ አይበልጥም። መሪጌታ ዜማውን በቃላቸው ይዘውታል፤ ለራሳቸው ቢሆን መጽሐፍ ሳይገልጡ ዓመቱን ይዘልቁታል። የመምህር ሥራ ግን ተማሪው በእጁ የገለበጠውን ማረም ነው። አንዲት ነጥብ ቦታዋን ከሳተች ተማሪው የተሳሳተውን ዜማ ይዞ ወደ ሌላ ደብር ይሄዳል፤ እዚያ ደግሞ ለሌሎች ያስተምረዋል። መሪጌታን ከዚህ በላይ የሚያስፈራቸው ነገር አልነበረም።

የሚያስተምሩበት ጉባኤ ቤት አንድ በርና አንዲት ጠባብ መስኮት ያለው የጭቃ ምርግ ቤት ነው። ክረምት ላይ ጉሙ ከገደሉ ሽቅብ ሲወጣ ቀን በቀትርም ውስጡ ይጨልማል። መብራት ወገዳ ከገባ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደብሩም ሽቦ አስቦ ነበርና የመጀመሪያው አምፖል የተሰቀለው እዚሁ ከመሪጌታ ወንበር በላይ ነው። ያን ሰሞን ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ማልደው ይገባሉ፤ አምሽተው ይወጣሉ፤ ያረጁ ቅጂዎችን ሳይቀር እያወጡ ያርማሉ።

ከዚያ በኋላ ግን ምልክቶቹ ከበዓል በዓል እየደበዘዙባቸው ሄዱ። መጀመሪያ መጽሐፉን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። ቀጥሎ ወንበራቸውን ወደ በሩ ሳቡ። በመጨረሻም ተማሪው ምልክቱን በስሙ እየጠራ እንዲያነብላቸው ያደርጉ ጀመር፤ ለትምህርቱ ይበጃል የሚል ምክንያት ሰጡት። የሳተ ተማሪ ግን ስሕተቱንም በልበ ሙሉነት እንደሚያነብ ከእሳቸው በላይ የሚያውቅ የለም።

እስቴ መካነ ኢየሱስ ባለትዳር ልጅ አለቻቸው፤ ፋንቱ ትባላለች። ሐምሌ ሲገባ መልእክት ላኩባት፤ ወንበሩን ሊለቁ እንደሆነ፣ ዓይናቸው ለማረም እንደማይበቃ። ፋንቱም ለመስቀል በዓል ወደ እሷ የምታመጣቸው በቅሎ እንደምትልክ መለሰች። በደብሩ ሌላ የድጓ መምህር አልነበረምና እሳቸው ከሄዱ ተማሪው ይበተናል፤ ጉባኤ ቤቱም ይዘጋል። ከደብሩ ሰው ይህን የነገሩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ ለቄሰ ገበዝ ታፈረ።

ቄሰ ገበዝ የቤተ ክርስቲያኑን ንብረት የሚጠብቅ፣ መብራቱን የሚያበራና ስለት የሚቀበል አገልጋይ ነው። ቄስ ታፈረ ነገሩን ሲሰሙ ወጥተው በቅጽሩ ውስጥ ቆሙና ለማርያም ተሳሉ፤ የመሪጌታን ዓይን ብትምሪልኝ ትልቁን አምፖል አገባለሁ ብለው።

ስለ ስለቱ ነገር ትንሽ ማስረዳት ያስፈልጋል። ቀደም ሲል የደብሩ ሰው የሚሳለው ጧፍ፣ ዕጣንና ጃንጥላ ነበር። መብራት ከገባ ወዲህ አምፖልና ሽቦ ተጨመሩበት። ልጅ ከበሽታ ሲነሣ አምፖል፣ በሬ ከጠፋበት ሲገኝ አምፖል ይገባል። ቄስ ታፈረም አንዱንም አልመለሱም። ለምን ይመልሳሉ? ዕድሜያቸውን ሙሉ ያዩት ጧፍ ሲበዛ ብርሃን ሲበዛ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ውስጥ ሰባት አምፖል ተሰቀለ፤ ከጉባኤ ቤቱ ጋር ስምንት ሆነ። መብራቱ የደበዘዘ ሲመስላቸው መድኃኒቱ ሌላ አምፖል መጨመር ነበር። የተሰጠን አምፖል ማጥፋት ደግሞ አይታሰብም፤ ሰጪው ጨልማ ካያት ስለቴ አልሠመረም ብሎ ያዝናል። ስለዚህ ሁሉም ሌትና ቀን ይበሩ ነበር።

ዘጠነኛውን፣ የቄስ ታፈረን አምፖል፣ ለመስቀል ከወገዳ የመጣችው ትርሲት ናት። ትርሲት ደብረ ታቦር በቴክኒክ ትምህርት ቤት ኤሌክትሪክ ተምራ ተመልሳ፣ መናኸሪያው አጠገብ ባለች አንዲት ክፍል ራዲዮ ትጠግናለች፤ ሰው ቤት መብራት ታስገባለች። የፍልሰታ ጾም ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ጉም በበዛበት አንድ ከሰዓት በኋላ፣ ጫማዋን ደጅ አውልቃ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ መሰላል ላይ ወጣች። አምፖሏን አሰረች፤ ወርዳ ማብሪያውን ተጫነች፤ አጠፋች፤ እንደገና አበራች። እንዲህ እያደረገች ስትሞክር መሪጌታ መቋሚያቸውን ይዘው ከጉባኤ ቤቱ ሲመጡ አየች።

«አንቺ ልጅ፣ አሁን ምን አደረግሽ?» አሏት።

«አምፖሏን ሞከርኳት፣ የኔታ። ትሠራለች።»

«ስንት ጊዜ ሞከርሻት?»

«ሦስት ጊዜ መሰለኝ።»

«የኔም ዓይን ሦስት ጊዜ ታመመ፤ ሦስት ጊዜም ዳነ።»

ትርሲት ነገሩ ወዲያው ገባት። መሪጌታን ወደ ወንበራቸው መልሳ፣ መጽሐፋቸውን ገልጠው እንዲጠብቁ ነገረቻቸውና የቤተ ክርስቲያኑን አምፖሎች አንድ በአንድ ታጠፋ ጀመር። ቄስ ታፈረ እየተከተሏት ይህ ነገር ደግ አይደለም፣ ስለት ነው እኮ ይሏታል። እሷም ለትንሽ ጊዜ ነው እያለች ታልፋለች። የመጨረሻዋ ስትጠፋ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ የነበረው ቀላ ያለ ብርሃን ነጭ ሆነ። መሪጌታ አንድ መስመር አነበቡ። ሁለተኛውን አነበቡ። ሦስተኛው ላይ ቆሙና በጣታቸው ጫኑት፤ አንድ ተማሪ ባለፈው ወር ያሳያቸው ቅጂ ነበር፤ ደህና ነው ብለው ያለፉት። ድፋት የተባለው ምልክት በሚገባበት ቦታ ደረት የተባለው ተጽፎበታል።

ቄስ ታፈረ በሩ ላይ እንደቆሙ ቀሩ። «እኔኮ የተሳልኩት ዓይንዎ እንዲድን ነበር» አሉ።

«ስለትህ ደርሷል፤ አምፖልህ ናት የቀደመችህ» አሉ መሪጌታ፤ ሁለቱም ሳቁ።

ሳቁ ግን ችግሩን አልፈታውም። ሰባቱን አጥፍቶ አንዷን ማብራት ለመሪጌታ ይበቃል፤ ለደብሩ ግን አይሆንም። ፍልሰታ እየመጣ ነው፤ ሕዝቡ ሊያስቀድስ ይጎርፋል፤ ስለቱ ጨልሞ ማየት የለበትም። ዘጠነኛዋ ለጊዜው ወረደች፤ ስምንቱ ተመልሰው በሩ፤ የመሪጌታም መስመሮች ተመልሰው ደበዘዙ። ትርሲት በማግሥቱ መለኪያዋን ይዛ እንደምትመለስ ነግራቸው ወረደች።

መለኪያው ቴስተር ይባላል፤ በመዳፍ የሚያዝ፣ ሁለት ሽቦ ያወጣ ሳጥን ነው። ሁለት ነገር ያሳያል። አንዱ ኤሌክትሪኩ የሚገፋበት ግፊት ነው፤ በቮልት ይለካል። ሁለተኛው በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት ነው፤ በአምፔር ይለካል። ትርሲት ይህን ለመሪጌታ ለማስረዳት ሩቅ አልሄደችም። በንግሥ ዕለት ሕዝቡ በደጀ ሰላሙ በር ሲወጣ ያለውን አስታወሰቻቸው። ከኋላ የሚመጣው ግፊያ ቮልት ነው። በአንድ ጊዜ በሩን የሚያልፈው ሰው ብዛት አምፔር ነው። በሩ ደግሞ ጠባብ ከሆነ ያግዳል፤ ያ ማገድ ሬዚስታንስ ይባላል፤ መለኪያውም ኦም ነው። በጠባብ በር ብዙ ሰው እንዲያልፍ ከተፈለገ ብዙ ግፊያ ያልቃል። ሽቦም እንዲሁ ነው፤ ቀጭኑ ያግዳል፣ ወፍራሙ ያሳልፋል።

ደስ የሚለው ነገር፣ ከሦስቱ ሁለቱን ካወቅን ሦስተኛውን ማስላት መቻላችን ነው። ቮልቱን ለአምፔሩ ስናካፍል ኦሙ ይወጣል። ቮልቱን በአምፔሩ ስናባዛ ደግሞ ሌላ ነገር ይወጣል፤ ዋት የሚባለው፣ ማለትም በየቅጽበቱ ወደ ብርሃንና ሙቀት የሚለወጠው ኃይል። ማካፈልና ማባዛት ብቻ ነው። መሪጌታ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን በባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ ከዚህ የረዘመ ስሌት በቃላቸው ይሠራሉ፤ ወረቀት አልጠየቁም።

ደብሩ መብራት የሚያገኘው ከኮረብታው ሥር፣ ከሰበካ ጉባኤው ጽሕፈት ቤት ቆጣሪ ነው። ትርሲት መጀመሪያ እዚያ ለካች፤ ሁለት መቶ ሃያ ቮልት። ማብሪያውን አጥፍታ ሽቦውን አንድ ቦታ ቆርጣ ቴስተሩን በመሐል አስገባች፤ መልሳ ስታበራ ፍሰቱ በሙሉ በእሱ በኩል አለፈ፤ ሁለት ተኩል አምፔር። ከዚያ ሽቦውን መልሳ አሰረችና ኮረብታውን ወጥታ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ለካች፤ መቶ ሠላሳ ቮልት። ቁጥሩን ለመሪጌታ ነገረቻቸው።

መሪጌታ «ዘጠናው የት ገባ?» አሏት።

ትርሲት ሽቦው እንደበላው ነገረቻቸው። ያን ጊዜ አብረው አሰሉ። ሽቦው የበላው ግፊት ዘጠና ነው፤ የሚያልፍበት ፍሰት ሁለት ተኩል። ዘጠና ለሁለት ተኩል ሲካፈል ሠላሳ ስድስት ይሆናል። የሚሄደውና የሚመለሰው ሽቦ በአንድነት የሚያግደው ሠላሳ ስድስት ኦም ነው ማለት ነው። ኃይሉንም ፈለጉት። ሽቦው ላይ የሚባክነው ዘጠና ሲባዛ በሁለት ተኩል፣ ሁለት መቶ ሃያ አምስት ዋት። ለስምንቱ አምፖሎች የሚደርሰው መቶ ሠላሳ ሲባዛ በሁለት ተኩል፣ ሦስት መቶ ሃያ አምስት ዋት። መሪጌታ ሁለቱን ደመሩ፤ አምስት መቶ ሃምሳ። ቀጥለውም ማንም ሳይጠይቃቸው ከቆጣሪው የተነሣውን አሰሉ፤ ሁለት መቶ ሃያ ሲባዛ በሁለት ተኩል። እሱም አምስት መቶ ሃምሳ ሆነ። ፊታቸው በራ። ሒሳቡ በሁለት መንገድ ሄዶ አንድ ቦታ ሲገናኝ ከማየት የበለጠ ደስታ ላንዳንድ ሰው የለም፤ እሳቸው ከነዚያ አንዱ ናቸው።

አምፖል በተጨመረ ቁጥር የሚሆነውም ግልጽ ሆነላቸው። እያንዳንዱ አምፖል የራሱን ፍሰት ይስባል። ፍሰቱ በጨመረ ቁጥር ያው ሽቦ የሚበላው ግፊት ይጨምራል። ለሁሉም የሚተርፈው ያንሳል። ጧፍ ከጎኑ ሌላ ጧፍ ቢበራ አይቀነስበትም፤ እነዚህ አምፖሎች ግን በአንድ ቀጭን መንገድ የሚመጡ ናቸውና አንዱ የሌላውን ግፊት ይሻማል። ከዚህም የባሰ ነገር አለ፤ አምፖል ግፊቱ በግማሽ ገደማ ሲቀንስበት ብርሃኑ በግማሽ ብቻ አይቀንስም፤ ከሩቡም በታች ይወርዳል፤ ይቀላልም።

ትርሲት መፍትሔው ሽቦውን ከቆጣሪው እስከ ደብሩ በወፍራም መለወጥ እንደሆነ ተናገረች። ቄስ ታፈረ አንገታቸውን ደፉ። እህል ሳይሰበሰብ ደብሩ ያን ያህል አቅም የለውም፤ እህል እስኪሰበሰብ ደግሞ የፋንቱ በቅሎ መጥታ ትሄዳለች።

መሪጌታ ግን ሌላ ነገር ያስቡ ነበር። ተማሪ አንድ ረጅም ዜማ ሲያበላሽ ሁሉንም እንደገና አያስጀምሩትም። በየማረፊያው ይቆርጡታል፤ ከዚህ እስከዚህ በል ይሉታል፤ ደህና ከሆነ ያልፋሉ፤ ስሕተቱ ከየትኛው ማረፊያ በኋላ እንደገባ ሲታወቅ እሱኑ ብቻ ያርማሉ።

«የሽቦው ክፍል ሁሉ እኩል ነው የሚበላው?» ብለው ጠየቋት።

ትርሲት መልስ ከመስጠቷ በፊት ቴስተሯን አነሣች።

ሽቦው አንድ ወጥ አልነበረም። እሱም የስለት ነው፤ አራት ቦታ የተቀጣጠለ። የመጀመሪያው ቁራጭ ከጽሕፈት ቤቱ እስከ ባሕር ዛፎቹ ይደርሳል፤ ሁለተኛው ከባሕር ዛፎቹ እስከ ወይራው፤ ሦስተኛው ከወይራው ግጦሹን አቋርጦ እስከ ቅጽሩ በር፤ አራተኛው ከበሩ ወደ ውስጥ። ትርሲት እየወረደች በየመጋጠሚያው ለካች፤ መሪጌታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ተከተሏት፤ ቁጥሩን በቃላቸው ያዙ። ባሕር ዛፎቹ ጋ ሁለት መቶ አሥራ ሁለት። ወይራው ጋ ሁለት መቶ። ቅጽሩ በር ላይ መቶ አርባ አምስት። ጉባኤ ቤቱ ያው መቶ ሠላሳ።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለና ልብ እንበል። ፍሰቱ በመንገድ አያልቅም። ከቆጣሪው የወጣው ሁለት ተኩል አምፔር በአራቱም ቁራጭ ሁለት ተኩል ሆኖ ያልፋል፤ እየቀነሰ የሚሄደው ግፊቱ ብቻ ነው። ስለዚህ የየቁራጩን ኪሳራ ለሁለት ተኩል ማካፈል ይበቃል። መሪጌታ ከወይራው ሥር ቆመው ጮክ ብለው አካፈሉ። የመጀመሪያው ስምንት ቮልት በልቷል፤ ሦስት ኦም ከትንሽ። ሁለተኛው አሥራ ሁለት፤ አምስት ኦም ሊሞላ ጥቂት የቀረው። አራተኛው አሥራ አምስት፤ ስድስት ኦም። ሦስተኛው ብቻውን ሃምሳ አምስት ቮልት፤ ሃያ ሁለት ኦም። ትርሲት መጋጠሚያውን ወደ ዓይኗ አስጠጋች፤ ፕላስቲኩ በሙቀት ጠይሟል።

ሦስተኛው ቁራጭ የእማሆይ አማረች ስለት ነው። ልጃቸው መተማ ለሰሊጥ አጨዳ ሄዶ በደኅና ስለተመለሰ ያገቡት ነው፤ እሱ ራሱ ይዞት የመጣ፣ ለድምፅ ማጉያ የሚሆን ቀጭን ሽቦ። ትርሲት ይህን ስትሰማ ዞር ብላ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አየች። ትናንት መሰላሉ ላይ ሆና በእጇ የነካችው ሽቦ ትዝ አላት። ቅኔ ማኅሌቱን ዞሮ ከአምፖል ወደ አምፖል የሚሄደው ሽቦ አውራ ጣት የሚያህል ጥሩ ሽቦ ነበር።

እሱ ከየት መጣ ብላ ቄስ ታፈረን ጠየቀቻቸው። አርብ ገበያ የሚነግድ የደብሩ ተወላጅ በስለት ያገባው ነው፤ የተረፈው ጥቅልም ዕቃ ቤት ተቀምጧል። ለምን ውስጥ እንዳደረጉት መጠየቅ አላስፈለጋትም። ምርጡ መጎናጸፊያ ለታቦቱ፣ ምርጡ ምንጣፍ ለመቅደሱ ቅርብ እንደሚሆን ሁሉ ምርጡም ሽቦ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ቀጭኑ ሜዳ ላይ ቀርቷል። የደብር ሰው ሽቦ ሲሰቅል ከዚህ ሌላ ምን ሊያደርግ ይችላል?

ትርሲት ሁለቱን እናለዋውጣቸው ስትል ቄስ ታፈረ አልተቀበሉም። ለማርያም የተሰጠውን ምርጥ ነገር አውጥቶ ላም በሚውልበት ሜዳ ዝናብ ማስመታት፣ ያንን ቀጭን ነገር ደግሞ ወደ ውስጥ ማስገባት ነውር ሆነባቸው። ቀጭኑ ጥፋተኛ ነው አልተባለም ወይ፤ ጥፋተኛን ወደ ውስጥ፣ ደጉን ወደ ውጭ? ለአርብ ገበያው ሰውስ፣ ለእማሆይስ ምን ይባላል?

የመለሱላቸው መሪጌታ ናቸው። «ቀጭኑ ጥፋት የለበትም። የስምንቱን ሸክም ብቻውን አሸክመነዋል። ውስጥ ገብቶ ለየአምፖሉ ቢከፋፈል አንድ ቁራጭ የሚሸከመው የአንድ አምፖል ብቻ ነው።» ከዚያ ትርሲትን አዩና ትክክል ነኝ ወይ በሚል አሰሉት። ግማሹ ሽቦ አሥራ አንድ ኦም ቢሆን፣ አንድ አምፖል የምትስበው አራት አሥረኛ አምፔር ቢሆን፣ ሁለቱ ሲባዙ አራት ቮልት ተኩል አይሞላም። ከሃምሳ አምስት ወደ አራት። ትርሲት ትክክል ነው አለች።

ቄስ ታፈረ ግን ሒሳቡን ተቀብለውም እማሆይን ፈሩ። ይሂዱና ራሳቸውን ይጠይቋቸው ተባለ። እማሆይ አማረች ቤታቸው ቅጽሩ ሥር ነበርና ሦስቱን ሲያዩ በር ላይ ቆመው ተቀበሏቸው። ቄስ ታፈረ ነገሩን ከሩቅ ጀመሩ፤ የእማሆይ ስለት የከበረ እንደሆነ፣ ደብሩም እንደማይረሳው፣ ነገር ግን ሽቦ የተባለ ነገር ጠባዩ ልዩ ልዩ እንደሆነ።

«ቄስ ታፈረ፣ ምንድን ነው የሚሉኝ?» አሉ እማሆይ።

«ሽቦዎን ከሜዳው አንሥተን ቤተ ክርስቲያን ልናስገባው ነው።»

«ኧረ መጀመሪያውኑ ለሜዳ መቼ ሰጠሁት! ለማርያም ብዬ ባገባሁ ላም ሲታከክበት አንድ ዓመት ሙሉ አየሁት። እርስዎን ቀና ብዬ መናገር ፈርቼ ነው እንጂ።»

መሪጌታ ሳቃቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ። የአርብ ገበያው ነጋዴም ቢሆን መልእክት ሲደርሰው፣ ለማርያም እስከሆነ ድረስ ሽቦው የትም ቢውል ግድ እንደሌለው አስታወቀ።

ሥራው ያለቀው ፍልሰታ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ነው። ትርሲት ማብሪያውን ከጽሕፈት ቤቱ አዘግታ፣ ቁልፉን በኪሷ ይዛ ወጣች፤ ቤተ ክርስቲያን በባዶ እግር ስለሚገባ ኤሌክትሪክ ያለበትን ሽቦ እዚያ ውስጥ መንካት አይታሰብም። የደብሩ ወጣቶች ወፍራሙን ከወይራው እስከ ቅጽሩ በር ዘረጉት። እሷም ድሮ እንዲያው የተጠማዘዙትን መጋጠሚያዎች ሁሉ ፈታች፤ ጫፋቸውን እስኪያብረቀርቅ ፋቀች፤ አጥብቃ አስራ በፕላስተር ጠቀለለች፤ የላላ መጋጠሚያም እንደ ቀጭን ሽቦ ያግዳልና። የእማሆይ ሽቦ ተቆራርጦ አንዱ ቁራጭ ለመሪጌታ አምፖል፣ ሌሎቹ ለቅኔ ማኅሌቱ ሆኑ።

ከዚያ ለኩ። ስምንቱ እየበሩ ጉባኤ ቤቱ ውስጥ መቶ ሰማንያ ሁለት ቮልት፤ ፍሰቱ ሦስት አምፔር ከሁለት አሥረኛ። መሪጌታ ወዲያው አካፈሉ። ሽቦው የበላው ሠላሳ ስምንት ቮልት ብቻ ነው፤ ለሦስት ከሁለት አሥረኛ ሲካፈል አሥራ ሁለት ኦም ገደማ። ከሠላሳ ስድስት ወደ አሥራ ሁለት። ለአምፖሎቹ የሚደርሰው ኃይል ደግሞ ከሦስት መቶ ሃያ አምስት ወደ አምስት መቶ ሰማንያ ዋት ወጣ። አንድም አዲስ ነገር አልተገዛም። የነበረው ሁሉ ቦታ ተለዋወጠ እንጂ።

ቄስ ታፈረ ቅኔ ማኅሌቱ ውስጥ ቆመው ቀና ብለው ሲያዩ ቆዩ። ዘጠነኛዋን፣ የራሳቸውን፣ እንዴት ያድርጓት? ብትጨመር ሌሎቹን ትንሽ ታደክማለች፤ ይህን አሁን ያውቃሉ። መላውን ያገኙት ራሳቸው ናቸው። «ቀሳውስቱ በሰሞን ተራ እየገቡ ያገለግሉ የለም ወይ? አምፖሎቹም ሰሞን ይግቡ» አሉ። ካህን ሁሉ በየሳምንቱ አይቀድስም፤ ተራው ያልደረሰ ቤቱ ይውላል፤ ክህነቱ ግን አይቀርበትም። በአዘቦት ቀን አራት አምፖል ብቻ እንዲበራ፣ ለበዓል ሁሉም እንዲበሩ ተወሰነ። ስለት ያገቡት ሰዎችም የእኔ ሰሞን መቼ ነው እያሉ ይጠይቁ ጀመር፤ ነገሩን ወደዱት። እማሆይ አማረች ሽቦው በሁሉም ሰሞን እንደሚያገለግል እያነሡ ጎረቤቶቻቸው ላይ ይኮሩባቸዋል።

አራት ብቻ በሚበራበት ቀን ጉባኤ ቤቱ ውስጥ ያለው ግፊት ሁለት መቶ ሊሞላ ይቃረባል። የመሪጌታ ዓይን የሃያ ዓመት ዓይን አልሆነም፤ ዕድሜ የራሱን ወስዷል፤ መነጽርም ሳያስፈልጋቸው አይቀርም፤ ደብረ ታቦር ወርደው ለመታየት አስበዋል። ነገር ግን ነጥቡን ከጭረቱ ይለያሉ። በዚያ ሳምንት በተማሪዎቻቸው ቅጂ ላይ ሳያዩ ያሳለፏቸውን ስሕተቶች ፈልገው አረሙ። ሁለት ቅጂዎች ግን ከባለቤቶቻቸው ጋር ደብሩን ለቀው ሄደዋል፤ አንዱ ታች ጋይንት፣ አንዱ እስቴ። ለሁለቱም በመንገደኛ መልእክት ሰደዱ፤ ቅጂያችሁን ይዛችሁ ተመለሱ፣ የማርመው አለኝ ብለው።

እስቴ ለሚሄደው መልእክተኛ ሌላም ቃል ጨመሩለት። ፋንቱን በቅሎዋን ለመስቀል እንዳትልክ በላት፤ ለአዲሱ ዓመት ጉባኤ እከፍታለሁ አሉት።

ትርሲት መሣሪያዋን ሰብስባ ልትሰናበታቸው ጉባኤ ቤቱ ብቅ ስትል መሪጌታ መጽሐፉን ዘግተው እያሰቡ ነበር። እንድትቀመጥ በእጃቸው አመለከቷት።

«አንድ ነገር አልገባኝም» አሉ። «በፊት ሁለት ተኩሉን አምፔር ለስምንት አምፖል አካፈልኩት። የአንዱን ግፊት ለአንዱ ፍሰት ሳካፍል የአንድ አምፖል ማገድ አራት መቶ አሥራ ስድስት ኦም ወጣ። አሁን ያንኑ ሳደርግ አራት መቶ ሃምሳ አምስት ሆነ። ሽቦውን ለወጥን እንጂ አምፖሉን አልነካነውም። ያው አምፖል እንዴት ሁለት ቁጥር ይኖረዋል?»

ትርሲት ፈገግ አለች። ትምህርት ቤት ሳለች አስተማሪዋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ያለፉት ነገር ነበር፤ በእጇ ግን ለክታው አታውቅም። አምፖል ውስጥ ያለችው ቀጭን ክር በጋለች ቁጥር ይበልጥ ታግዳለች፤ አሁን ግፊቱ ስለጨመረ ይበልጥ ግላለች ብላ የምታውቀውን ነገረቻቸው።

«ስትቀዘቅዝስ? ጠፍታ፣ ጨርሶ ቀዝቅዛ ብትለካ ስንት ትሆናለች?»

«እሱን እርግጠኛ አይደለሁም፣ የኔታ። እንለካት?»

መሪጌታ ተነሥተው ወንበራቸውን ከአምፖሏ ሥር ገለል አደረጉላት። «ትቀዝቅዝ እንጂ» አሉ። «እንጠብቃለን። እኔ እንደሆነ የትም አልሄድም።»